ቮልስዋገንና የአየር ጤና እናቶች

ከጦር ኃይሎች ተነሥተው የጅማን መንገድ ይዘው ሲሄዱ፣ ሦስት ቁጥር ማዞሪያንና ዘነበ ወርቅን አልፈው አየር ጤና ይደርሳሉ። ሰዓቱ ጠዋት ከሆነ አስቀድሞ ዓይንዎን የሚስበው ሰልፉ ነው። በአንድ እጇ የልጇን እጅ፣ በሌላው የምሳ ዕቃና ቦርሳ የያዘች እናት፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ሐኪም ቤት የሚሄዱ አሮጊት፣ የሥራ ሰዓቷ እንዳያልፍባት ደጋግማ የእጅ ሰዓቷን የምታይ ሠራተኛ፣ ሁሉም ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባውን ሚኒባስ ይጠባበቃሉ። ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ይጣራል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ሐዲዱ ጦር ኃይሎች ላይ ስለሚያበቃ፣ የአየር ጤና ሰው ባቡር ለመሳፈርም አስቀድሞ ታክሲ መያዝ ይኖርበታል።

ከዋናው መንገድ ወጥተው ወደ ውስጥ ሰፈሩ ሲገቡ ደግሞ ሌላ ነገር ያያሉ። ከአጥር ግቢ ውስጥ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከማድ ቤቱ ጥግ፣ ጀርባዋ የጎበጠ፣ ዓይኖቿ የፈጠጡ ትንሽ መኪና አልፎ አልፎ ቆማ ትታያለች። አንዳንዷ ማለዳ ድምፅዋን እያሰማች ትወጣለች። አንዳንዷ ሸራ ለብሳ፣ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ዶሮ ዕንቁላል የምትጥልባት ሆናለች። ይህች መኪና ቮልስዋገን ናት፤ ሰው ሁሉ አሳጥሮ «ቮልስ» ይላታል።

በዛሬው ጽሑፋችን የዚህችን መኪና ታሪክ እናነሣለን። «በሴቶችና በቤተሰብ ዓምድ ስለ መኪና ምን ያስወራል?» የሚሉ አንባቢያን ይኖሩ ይሆናል። የቤተሰብ መኪና ግን ብረት ብቻ አይደለም። ልጅ በሰዓቱ ከትምህርት ቤት መድረሱ፣ ሌሊት የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ መቅረቡ፣ እናት ከሥራዋ ውላ ሳይጨልም ቤቷ መግባቷ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ቁልፉ በማን እጅ ነው? መኪናው ሲበላሽ ምን እንደ ነካው የሚያውቀው ማን ነው? የሚሉት ጥያቄዎች የቤት ጥያቄዎች ናቸው።

የመጀመሪያዋ ተጓዥ እናት ነበረች

እንደሚታወቀው መኪናን ሠሩ የሚባሉት ወንዶች ናቸው። በመኪና ረጅም ጉዞ በማድረግ ግን የመጀመሪያዋ የአራት ልጆች እናት ነበረች። ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ ባለ ሦስት እግር መኪናውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1886 የፈጠራ መብቱን ቢያስመዘግብም፣ የሚገዛው ሰው አልተገኘም ነበር። ባለቤቱ ቤርታ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1888 አንድ ማለዳ ለባሏ ሳትነግር ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ኦይገንንና ሪሻርድን አስነሥታ፣ መኪናውን ከቤት አውጥታ፣ ከማንሃይም ከተማ ወደ እናቷ አገር ወደ ፕፎርትስሃይም ጉዞ ጀመረች። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር።

በዚያን ጊዜ ነዳጅ ማደያ የሚባል ነገር አልነበረም። ቤርታ ነዳጅ ሲያልቅባት በመንገድ ካለ መድኃኒት ቤት ገብታ ለልብስ ማጽጃ የሚሸጠውን ፈሳሽ ገዛች። የነዳጁ ቧንቧ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ጠረገችው። የኤሌክትሪኩ ሽቦ ሲላጥ በካልሲዋ ማሰሪያ ላስቲክ ጠቀለለችው። የእንጨቱ ፍሬን ሲያልቅም ጫማ ሠሪ ፈልጋ ቆዳ አስለበሰችው። ይህች እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ሩቅ የነዳች ብቻ ሳትሆን፣ መንገድ ላይ የጠገነችም ናት። ቤተሰቡን ይዛ የምትጓዝ ሴት የመኪናዋን ጠባይ ማወቅ እንዳለባት ቤርታ ያን ጊዜ አሳይታለች።

የአሜሪካ ቤተሰብ መኪና

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ «የቤተሰብ መኪና» የሚለው ስም ከሁሉ በላይ የተሰማው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. የ1957 ዓ.ም. ሥሪት የሆነውን ሸቭሮሌት ቤል ኤር እንደ ምሳሌ ብንወስድ፣ ርዝመቱ ከ5 ሜትር ያልፋል። ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ይገጠምለት ነበር፤ ከኋላውም እንደ ዓሣ ክንፍ ሹል ሆኖ የሚወጣ ጌጥ አለው። አባትና እናት ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ ተዘርግተው ይቀመጡበታል። የጓሮ በሩ ተከፍቶ ዕቃ የሚጫንበት ስቴሽን ዋገን የሚባለው ዓይነት ደግሞ የእናቶች መኪና ተብሎ ይታወቅ ነበር። እናትየዋ ባሏን ባቡር ጣቢያ አድርሳ፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት አውርዳ፣ የሳምንቱን አስቤዛ ጭና ትመለስበት ነበር።

ይህን ዓይነቱን መኪና የወለደው የኑሮው ሁኔታ ነው። ቤንዚን ርካሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 በወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያገናኝ ሰፊ መንገድ መሠራት ጀመረ። ሰዉም ከከተማው መካከል እየወጣ ወደ ዳር ሰፈር ገባ። ከዳር ሰፈር ያለ መኪና ገበያ መውጣት ስለማይቻል፣ መኪና ለእናቲቱ ምቾት መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆነባት።

በአገራችንም በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም የአሜሪካ መንገድ መሐንዲሶች አብረው ሠርተዋል። ረጃጅሞቹ የአሜሪካ መኪኖችም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ይታዩ ነበር። ይሁን እንጂ በወር ደመወዝ ለሚተዳደር መምህር ወይም ጸሐፊ፣ በጠባቡ የሰፈር መንገድና በክረምቱ ጭቃ ለሚመላለስ ቤተሰብ፣ የአምስት ሜትር መኪና አይሆንም። ለዚህ ዓይነቱ ቤተሰብ የተስማማችው ሌላዋ ናት።

ዕጣው ያልወጣ እቁብ

ቮልስዋገን በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። ስሟ ደስ ቢያሰኝም አመጣጧ ግን የሚያስደስት አይደለም። የናዚ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1934 መሐንዲሱን ፌርዲናንድ ፖርሸን ለሕዝብ የሚሆን ርካሽ መኪና እንዲሠራ አዘዘው፤ በ1938 የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ዋጋዋ 990 ማርክ ይሆናል ተባለ። ሠራተኛው በየሳምንቱ 5 ማርክ እየከፈለ ቴምብር በደብተር ላይ እንዲለጥፍ፣ ደብተሩ ሲሞላም መኪናውን እንዲወስድ ተነገረው። ከ3 መቶ ሺህ በላይ ቤተሰቦች ከምግባቸውና ከልብሳቸው ቀንሰው ቆጠቡ። ጦርነቱ ሲጀመር ግን ፋብሪካው የጦር መኪና መሥራት ያዘ፤ ተገደው ከየአገሩ የመጡ ሰዎችና እስረኞችም ይሠሩበት ነበር። ከቆጣቢዎቹ መካከል በዚያ ደብተር መኪና ያገኘ አንድም ሰው የለም።

እቁብ የገባች እናት ይህን ታሪክ ስትሰማ ነገሩ ወዲያው ይገባታል። ዳኛው ገንዘቡን ሰብስቦ ዕጣ ሳያወጣ እንደ ቀረ ማለት ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ በቦምብ የተመታውን ፋብሪካ የእንግሊዝ ጦር ተረከበው። አይቫን ሂርስት የተባለው መኰንን ፍርስራሹን አስጠርጎ ሥራውን እንደ ገና አስጀመረ። በ1955 እ.ኤ.አ. አንድ ሚሊዮንኛዋ ቮልስ ወጣች። በትልልቅ መኪኖች አገር በአሜሪካ እንኳ፣ በ1949 እ.ኤ.አ. ሁለት ብቻ የተሸጡት መኪኖች፣ በ1968 በአንድ ዓመት ከ4 መቶ ሺህ በላይ ሆኑ። ብዙ የአሜሪካ ቤተሰብ ትልቁን መኪና ለአባት፣ ቮልሷን ለእናት አድርጎ ያዘ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 ቮልስ 15 ሚሊዮን ተሠርቶለት የነበረውን የፎርድን ቲ ሞዴል በብዛት በለጠች። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 በሜክሲኮ አገር ስትሠራ ጠቅላላው ቁጥር ከ21 ሚሊዮን ተኩል አልፎ ነበር።

ወደ እኛ አገር ስትመጣ

መኪና በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ገባ። ለብዙ ዓመታት ግን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ዕቃ ሆኖ ነው የቆየው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከደመወዙ ቆጥቦ ለሚገዛው ሠራተኛ የቀረቡት ትንንሾቹ የአውሮፓ መኪኖች ናቸው። የኢጣሊያዋ ፊያት ሰይቼንቶ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆነች። የፈረንሳዩ ፔዦ 404 ከኋላው አግዳሚ ወንበር ተሠርቶለት ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት እየተያዩ የሚሄዱበት «ውይይት» ሆነ። የጀርመኗ ቮልስ ግን በአብዛኛው የቤት መኪና ሆና ቀረች።

ቮልስ በአገራችን ታሪክ መጽሐፍም ገብታለች። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ማቆማቸውና ከመምህራኑ አድማ ጋር ተደምሮ ከተማውን ማናወጡ ይታወሳል። በዚያው ዓመት የተጀመረው ለውጥ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከሥልጣን አወረደ። ብዙ ትልልቅ መኪኖች የነበሯቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በአንዲት ቮልስዋገን የኋላ ወንበር ነበር። የመምህሩና የጸሐፊው መኪና ያን ዕለት ንጉሥ ጫነች።

ከዚያ በኋላ ለግል መኪና የሚጠየቀው ቀረጥ ከባድ ስለ ሆነ ቤተሰቡ ያለችውን ቮልስ እየጠገነ ይዞ ቆየ። በቅርቡም ቢሆን ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ ከግቢዎ ጥግ ሸራ ለብሳ የቆመችውን መኪና ቆርቆሮ ናት ብለው አይናቋት። ዋጋ አላት።

አየሩና ሞተሯ

«አየር ጤና» የሚለው ስም ለቮልስ የተሰጠ ይመስላል። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በአየር ነውና። ከኋላ የተቀመጠው ሞተሯ ራዲያተር የለውም። በላስቲክ ቀበቶ፣ ማለትም በቺንጋ፣ የሚዞር ማራገቢያ አየሩን በሲሊንደሮቹ ላይ እየነፋ ያቀዘቅዛቸዋል።

ይህ ለእኛ አገር ምን ይጠቅማል? ማድ ቤትዎን ያስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ብዙ ጊዜ የሚወስደው ለዚሁ ነው። ክዳኑ በደንብ የማይገጥም ያረጀ ራዲያተርም እንዲሁ ቶሎ ይፈላል። ዳገት ላይ ቆማ እንፋሎት የምታጨስ መኪና ያላየ የጅማ መንገድ ተጓዥ የለም። ቮልስ ግን የሚፈላ ውሃ የላትም። ጅማ ድረስ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ጊቤ በረሃ ወርዳ እንደ ገና ስትወጣ፣ ጀሪካን ውሃ አትጠይቅም።

ሞተሯ ከኋላ መሆኑም ጥቅም አለው። ክብደቱ በሚገፉት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ በክረምት ጭቃ እግሯ ቶሎ አይንሸራተትም። በሌላ በኩል ደካማ ጎኗን መደበቅ አይገባም። በከፍታችን ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ማንኛውም ተራ የቤንዚን ሞተር አምስት እጅ አንዱን ያህል ጉልበቱን ያጣል። የፈረስ ጉልበቷ ከመጀመሪያውም አነስተኛ ለሆነ ቮልስ ይህ ብዙ ነው። ቤተሰቡን ሁሉ ጭና ዳገት ስትወጣ በሁለተኛ ማርሽ ታጉረመርማለች። ከኋላዋ ያለው ሾፌር ጡሩምባ ቢያሰማም መታገሥ እንጂ ሌላ መላ የለም።

ሃያ አራት ዓመት በፊት ወንበር

በአየር ጤና አንድ ግቢ ውስጥ ያነጋገርናቸው ባለቮልስ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ጠየቁን አንጠቅሰውም። ቮልሷ በ1963 ዓ.ም. ባለቤታቸው፣ እሳቸውም መምህር ነበሩ፣ ከአንድ የውጭ አገር ሰው በሁለተኛ እጅ የገዟት ናት። በ1964 ዓ.ም. ሲጋቡ ሙሽሪት የተወሰደችው በእሷ ነው። አራት ልጆች ከኋላዋ ወንበር ላይ አድገዋል።

በ1988 ዓ.ም. ባለቤታቸው ዐረፉ። ከዐርባው በኋላ መኪናዋ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። መምህርቷ ስለዚያ ጊዜ ሲናገሩ፣ «ልጄ፣ ሃያ አራት ዓመት አብሬያት ስኖር ከፊት ወንበሩ በቀር አላውቃትም ነበር። ቤንዚን በየት እንደሚገባ እንኳ አላየሁም። ባለቤቴ ክፉ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁ፤ እሱም አላስተማረኝ» አሉን።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ደላላ ገዢ ይዞ መጣ። ገዢው ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ «እመቤት፣ ሞተሩ ሞቷል፤ የምገዛው ለቆርቆሮው ነው» አለና በጣም ትንሽ ዋጋ ጠራ። መምህርቷ ለልጆች የትምህርት ቤት ወጪ ስለ ቸገራቸው ሊስማሙ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ትልቋ ልጃቸው ግን፣ «እማዬ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ይያት» ብላ ለመነቻቸው። በጎረቤት ሾፌር የነበሩ አዛውንት ተጠርተው መጡና ኮፈኑን ከፈቱ። ሞተሩ አልሞተም። ባትሪው ደርቋል፣ ቺንጋው ተበጥሷል፣ ካርቡራተሩ በቆየ ቤንዚን ተደፍኗል። ለጥገናው የወጣው ገንዘብ ገዢው ከጠራው ዋጋ ሩቡን እንኳ አልሞላም።

መምህርቷ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ዕድሜያቸው አርባ ስድስት ነበር። «በመለማመጃው ሜዳ ወጣቶቹ ይስቁብኝ ነበር፤ ዳገት ላይ ስታጠፋብኝ አንዱ ‹ማዘር፣ ቤትዎ ሆነው ሽሮ አይሠሩም?› አለኝ። እኔም ‹ሽሮውንም ሠርቼ ነው የመጣሁት› አልኩት» ብለው ሳቁ።

በ1991 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አጥሩ ተንኳኳ። የጎረቤት ልጅ ምጥ ይዟታል። ዝናቡ ይወርዳል፤ ታክሲ የለም። መምህርቷ ቮልሷን አስነሡ። እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት የተሠሩት ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ባትሪ ስለ ነበሩ መብራታቸው ደካማ ነው። የሳቸውም ከነዚያ አንዷ ናት። ልጃቸው ከፊት ተቀምጣ መስኮቱን ከፍታ በእጅ ባትሪ የመንገዱን ጠርዝ እያሳየች፣ ነፍሰ ጡሯ ከኋላ እናቷን ተደግፋ፣ ሆስፒታል ደረሱ። ሕፃኑም እናቲቱም ደኅና ሆኑ። «ያን ሌሊት ለቆርቆሮ ሸጫት ቢሆን ኖሮ እያልሁ አስባለሁ» አሉ መምህርቷ። ሌላ አልጨመሩም።

ሊብሬው በማን ስም ነው?

እንደ እኚህ እናት ያለ ዕድል ያልገጠማቸው ብዙዎች ናቸው። ባል ሲሞት ወይም ትዳር ሲፈርስ መኪናው «የሱ ነው» ተብሎ በወንድም ወይም በዘመድ እጅ ይገባል። ምክንያቱም ሊብሬው በባልየው ስም ነው።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም፣ የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በቀር የጋራ እንደሆነ ይቆጠራል ይላል። የጋራ የሆነውን ዋጋ ያለው ዕቃ አንዱ ተጋቢ ያለሌላው ስምምነት ሊሸጠው አይችልም። ስለዚህ ሊብሬው የት እንደ ተቀመጠ፣ የቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ዘመን መቼ እንደሚያበቃ ሚስትም ልታውቅ ይገባል። እነዚህን ወረቀቶች ከጋብቻ የምስክር ወረቀቱ ጋር በአንድ ሣጥን ማስቀመጥ ከብዙ ክርክር ያድናል።

መኪና የሌላት እናትስ? በከተማችን መኪና ካለው ቤተሰብ ይልቅ የሌለው እጅግ ይበዛል። ለዚህም መላ የፈለገች ሴት አለች። በስልክ መኪና የሚጠራበትን «ራይድ» የተባለውን አገልግሎት የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ፣ አምሽታ ከሥራ ስትወጣ ታክሲ በማግኘት የደረሰባት ችግር ለሥራው እንዳነሣሣት ተናግራለች። የእናቶችን የመንገድ ችግር የቀመሰችው ሴት ስትሆን መፍትሔውም በሴት እጅ ሊመጣ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ለባለቮልስ እናቶች

በመጨረሻም ቮልስ ላላቸው፣ ወይም በግቢያቸው ቆማ ለምትጠብቃቸው አንባቢያን፣ ጥቂት ምክር እንሰጣለን። ለዚህ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ዓይን፣ አፍንጫና ጆሮ ይበቃል።

አንደኛ፣ ሲነዱ ከፊትዎ ቀዩ መብራት ከበራ ወዲያው ዳር ይዘው ያቁሙ። ቺንጋው ተበጥሶ ይሆናል። በሌላ መኪና «ቤት ድረስ ልድረስ» ማለት ይቻል ይሆናል፤ ቮልስ ግን ቺንጋው ሲበጠስ የሚያቀዘቅዛት አየር ይቋረጣልና ጥቂት ኪሎ ሜትር ብትሄድ ሞተሯ ይቃጠላል። ትርፍ ቺንጋ ሁልጊዜ ከመኪናው አይለይ። ዋጋው ከሞተር ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛ፣ ዘይቷን በየሳምንቱ ይለኩ። የምትይዘው ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ጥቂት ቢጎድል ብዙ ነው። ለአየር ማቀዝቀዣዋም ዘይቱ ረዳት መሆኑን አይርሱ።

ሦስተኛ፣ የቤንዚን ሽታ ከሸተተዎት አይታገሡ። ያረጁ ቮልሶችን እሳት የሚበላቸው ብዙ ጊዜ ከሞተሩ አጠገብ ያለው የነዳጅ ጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ሲያፈስ ነው። ቱቦውን ማስለወጥ ትንሽ ወጪ ነው፤ እሳቱ ግን ቤተሰብ ይፈጃል።

አራተኛ፣ በብርድ ቀን ማሞቂያውን ከፍተው ሲሄዱ ራስዎን ካመመዎት ወይም ልጆቹ ያለ ጊዜያቸው ካንቀላፉ፣ መስኮቱን ከፍተው መኪናውን ያቁሙ። ማሞቂያው ሙቀቱን የሚያገኘው ከጭስ ማውጫው አጠገብ ስለሆነ ቧንቧው የተበሳ እንደሆነ መርዛማው ጢስ ወደ ውስጥ ይገባል። ሽታ የሌለው በመሆኑም አያስጠነቅቅም።

አምስተኛ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለችው ትንሽ የዕቃ ቦታ ለልጆች የተሠራች አይደለችም። በቮልስ ያደገ ሰው ሁሉ እዚያ ተቀምጦ ወደ ኋላ መንገዱን እያየ መሄዱን በደስታ ያስታውሳል። የዛሬው የከተማ መንገድ ግን የዚያን ጊዜው አይደለም። ሕፃናትን ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ቀበቶ ከሌላትም አስገጥመው ይሂዱ።

ስድስተኛ፣ መኪናዋን ወደ ጋራዥ ሲወስዱ ሴት ልጅዎንም እንደ ወንድ ልጅዎ ይዘው ይሂዱ። መካኒኩ የቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንዲያሳያችሁ ይጠይቁ። ልጅቷ ካንዴላ ምን እንደሚመስል፣ ክሪክ እንዴት እንደሚቆም፣ ጎማ እንዴት እንደሚፈታ ትይ። ወንዶች ልጆች ይህን ሁሉ የሚማሩት በአንድ ቀን ትምህርት አይደለም። አባታቸው አጠገብ ቆመው መፍቻ ሲያቀብሉ ነው። ሴት ልጅም አጠገብ ከቆመች ታውቀዋለች።

ውድ አንባቢያን፣ የአሜሪካው ረጅም መኪና ዛሬ በሙዚየምና በሰብሳቢዎች እጅ ነው። ትንሿ ቮልስ ግን በአየር ጤና ሰፈር አሁንም ልጅ ታመላልሳለች። ይህን ያህል ዘመን ያቆያት የብረቷ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ቀላል በመሆኗ ቤተሰቡ ራሱ ሊያውቃትና ሊጠግናት መቻሉ ነው። እስከ ዛሬ ያ ዕውቀት በአብዛኛው በአባቶች እጅ ነበር፤ አባት ሲያልፍም አብሮ አለፈ። በዚህ ሳምንት ባለቤትዎን፣ ወንድምዎን ወይም ጎረቤትዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «ኮፈኑን ከፍተህ አሳየኝ» ይበሉ። ነገሩ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። መልካም ሰንበት።